ተራውን የሚጠብቅ ጸሐፊ ይፈለጋል

ማስታወቂያውን የጻፍኩት በቢሮ ቋንቋ ነበር። ሌላ ቋንቋ አልመጣልኝም።

«ተባባሪ ጸሐፊ ይፈለጋል። ተፈላጊ ችሎታ፦ በአንድ ጊዜ ቢያንስ አምስት መስመር መጻፍ የሚችል፣ የሰው ገጸ ባሕርይ ሳያስፈቅድ የማይገድል፣ ፎቶ የማይጠይቅ፣ ተራውን የሚጠብቅ። ጾታ አይለይም። የሥራ ቦታ፦ ስልክ ላይ።»

ጋምቤላ ከተማ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከደጋ ተመድቤ ከመጣሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ሙቀቱን ግን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። በዚሁ ሙቀት ምክንያት የምሳ እረፍታችን ረጅም ነው። ባልደረቦቼ ቤታቸው ሄደው ጋደም ይላሉ። እኔ ቀን እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ስለዚህ ቢሮ ቀርቼ ቬንቲሌተሩ ሥር ስልኬን እነካካለሁ። እንዲሁ ስነካካ ነው ቴሌግራም ላይ ያንን የጸሐፊዎች ቡድን ያገኘሁት።

ጨዋታው ቀላል ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ታሪክ ይጀምራሉ። አንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፣ ሌላው ሌላውን። እኔ የያዝኩት ሰው የሚያደርገውንና የሚናገረውን ጽፌ እልካለሁ፤ ከዚያ እጄን ሰብስቤ የወዲያኛው ሰው ምን እንደሚል እጠብቃለሁ። አንድ ሕግ አለ፦ የሌላውን ሰው ገጸ ባሕርይ አትነካም። አትገድለውም፣ አታስለቅሰውም፣ አትድረውም። ይህን ሕግ የሚያከብር ሰው ማግኘት ግን ከፋይል ክፍል የጠፋ ፋይል ከማግኘት ይከብዳል፤ ስለ ጠፋ ፋይል ደግሞ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው አመልካች አንድ የአዲስ አበባ ወጣት ነበር። እኔ አንድ ሽማግሌ የመጋዘን ዘበኛ ሆንኩ። ሰባት መስመር ጻፍኩ፦ ዘበኛው ካፖርቱን ደረበ፣ ሳል ያዘው፣ በሩ ሲንኳኳ «ማን ነው?» አለ። መልሱ ወዲያው መጣ።

«ተኮሰ። ሞትክ።»

«እንዴት ነው የምሞተው?» አልኩት። «ገና ማን ነው እያልኩ እኮ ነው።»

«ጥይት ስሙን አይናገርም» አለኝ።

ትከሻዬን ነው ያገኘኝ ብዬ ዘበኛውን አስነሳሁት። በማግስቱ ደግሞ ገደለኝ። ሦስተኛ ጊዜ ሲገድለኝ አልተነሳሁም።

ሁለተኛው ከደኑ አገር ከመቲ ነበር፤ ቤተሰቡ ቡና ያለው፣ ራሱም ጫካ ውስጥ ያደገ ሰው። እንዴት እንደሚጽፍ! ጉም ከዛፍ ላይ ሲነሳ፣ ዝንጀሮ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል፣ አንድ ጠብታ ውኃ ከቅጠል ላይ ለመውደቅ ስታመነታ። የእኔ ሰው በሩን ከፍቶ እስኪወጣ ድረስ አርባ መስመር ይጽፋል። ይህንን ችዬው ነበር። አንድ ቀን ግን «ሰውዬህ ይህን ሲሰማ እንባው ዱብ ዱብ አለ» ብሎ ላከልኝ።

«የእኔ ሰው አላለቀሰም» አልኩት።

«ማልቀስ ነበረበት። እንዴት ያለ አሳዛኝ ነገር እንደጻፍኩ አላየህም?»

«አይቻለሁ። አዝኗል። አላለቀሰም።»

«ድንጋይ ነው እንዴ?»

ከዚያ ኔትወርክ ለሁለት ቀን ጠፋ። ሲመለስ የእኔ ሰው አግብቶ አገኘሁት። ሙሽራዋን እንኳ አላውቃትም። ድግሱ ግን በጣም ጥሩ ሆኖ ተጽፏል። በጨዋ ቃል ተሰናበትኩት።

ማስታወቂያውን ላጠፋው ስል ነው ይህ መልእክት የመጣው።

«ሰላም ነው። ማስታወቂያ አየሁ። እኔ ተራ እጠብቃለሁ። መጠበቅ በጣም እችላለሁ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ችግር አለ?»

«ምንም ችግር የለም» አልኩ። ውስጤ ግን ቀይ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ ነበር፤ ዛሬ ላይ ሆኜ አልደብቀውም። ስሙ ወንድም ሴትም ሊሆን የሚችል የቅጽል ስም ስለነበር «አንተ ልበል አንቺ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«እርስዎ ይሻላል። ወንድ ሴት የለውም። እኔም አልሳሳትም።»

በዚህ ተስማማን፤ ጨዋታው በእርስዎ ተጀመረ። «ሰውዬዎ ጭቃ ውስጥ ወድቋልና እባክዎ ያንሱት» እንባባል ነበር። በቢሮ የምጽፋቸው ደብዳቤዎች እንኳ የዚህን ያህል ክብር አልነበራቸውም።

እኔ በዚህኛው ታሪክ የባሮ ወንዝ ዓሣ አጥማጅ መሆን ፈለግኩ። ዓሣ አጥምጄ አላውቅም፤ በየቀኑ ድልድዩን ስሻገር ግን አያቸው ስለነበር የማውቅ መስሎኝ ነበር። የጽሑፍ ባልደረባዬ መለሱ፦

«ጥሩ። እኔ የቢሮ ኃላፊ እሆናለሁ። ወንበር ያለው ሰው መሆን እፈልጋለሁ።»

ታሪኩ እንዲህ ሆነ፦ ዓሣ አጥማጁ ለታንኳው የፈቃድ ወረቀት ሊያወጣ ቢሮ ይመጣል። ገና ሳንጀምር «ሰውዬዎ ቁርስ ምን በላ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አላሰብኩበትም።»

«ያስቡበት። የራበው ሰው ሌላ ዓይነት ይናገራል።»

ስለ ሰውዬዬ ሆድ የጠየቀኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። እኔ ግን ቁርሱን ትቼ በንግግሩ ተጠበብኩ። «የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ ይህች ታንኳ ከአባቶቼ የወረስኳት የኑሮዬ መሠረት ናት» ብዬ አስጀመርኩት።

«ዓሣ አጥማጁ ዜና ያነባል?» የሚል መልስ መጣ።

ተናደድኩ። ከዚያ የሚፈልጉት ገባኝ ብዬ፣ አማርኛውን ሰባብሬ፣ ሴቱን ከወንዱ አምታትቼ «እኔ ታንኳ አለች፣ ወረቀት ግን አልመጣች» ብዬ ጻፍኩ። ስልኬን አስቀምጬ ለብቻዬ ሳቅኩ። የምሳ እረፍቱ እስኪያልቅ መልስ አልመጣም። በማግስቱ መጣ።

«እንደዚያ አይደለም። ስህተት አይጻፉለት። አጭር ይጻፉለት። በሰው ቋንቋ የሚናገር ሰው ቃል ይመርጣል። ብዙ አይበትንም።»

ቬንቲሌተሩ ሥር ሆኜ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። የሳቅኩት በማን እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ደጋግሜ ሰረዝኩ፣ በመጨረሻም «ታንኳ አለኝ። ወረቀት የለኝም። መጣሁ።» ብዬ ላክሁ።

«እሱ ነው» አሉኝ።

ሌላ ቀን ደግሞ ሰውዬዬን በሐምሌ ታንኳው ላይ አስቀምጬ፣ ባሮ መሐል ላይ መረብ አስጣልኩት። «ባሮ ሞልቷል። ሰውዬዎ ሞቷል። ያስነሱትና ከዳር ይጀምሩ» ብለው መለሱልኝ። በዚህ ጨዋታ ስገደል ምክንያት የተሰጠኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እሳቸው የሚጽፉት ኃላፊ ግን ሌላ ነገር ነበር። ሆዱ ገፋ ያለ ነው። ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ሁለት እስክሪብቶ አለ፤ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ አይጽፍም። ባለጉዳይ ሊፈርም እስክሪብቶ ሲጠይቀው የማይጽፈውን ይሰጠዋል። ፋይል ሲጠየቅ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት በጫፉ ከፍ አድርጎ ሥሩን ያያል፤ እዚያ የተደበቀ ይመስል። «ነገ ይመለሱ፣ አባት» ይላል፤ እንዳለም ከፕላስቲክ ጠርሙሱ ውኃ ይጎነጫል፤ መድኃኒት የዋጠ ነው የሚመስለው።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ለቢሮ ጎረቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እሷ ግን የእኔን ያህል አልሳቀችም፤ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቀልድ አይገባትም ብዬ አለፍኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባልደረባዬ ዓረፍተ ነገሩን አቋርጠው «ዝናብ መጣ፣ ልብስ ላስገባ» ብለው ጻፉ። በዚያው ቅጽበት የቢሯችን ቆርቆሮ ተንጫጫ።

«እዚህም መጣ» አልኩ።

ልብሱን አስገብተው ተመለሱ።

«እዚህ የት ነው?»

«ባሮ አጠገብ።»

«ድልድዩ ይታያል?»

«ይታያል።»

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ድልድዩ አጠገብ ካሉት ጁስ ቤቶች አንዱ ውስጥ ለመገናኘት ተቀጣጠርን። መለያችን ማንጎ ጁስ እንዲሆን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ስደርስ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ማንጎ ይጠጣል። ሌላ ፍሬ አልነበረም።

ለምን እንደሆነ እንጃ ወንድ እጠብቅ ስለነበር፣ ወንዶቹን አንድ በአንድ ስመለከት ቆየሁ። አንድ ቀጭን ሰው የሚጽፍ ይመስላል ብዬ ፈገግ አልኩለት፤ ወንበሩን አዞረብኝ። በዚህ መሐል አንዲት ረጅም፣ ከሃምሳ የተሻገሩ ሴት ገቡ፤ የንባብ መነጽር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፣ እጃቸው ላይ የመዝሙር መጽሐፍ ይዘዋል። ቤቱን ቃኙ። መጀመሪያ ኪሴን፣ ቀጥለው ፊቴን አዩ። መጥተው ፊት ለፊቴ ቆሙ።

«ነገ ልመለስ?» አሉኝ።

«ምን አሉኝ?»

«ነገ ልመለስ ወይስ ዛሬ ልቀመጥ?»

ተቀመጡና ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሳቅ ጀመሩ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ቀስ እያለ ገባኝ። ወደ ሸሚዜ ኪስ ዝቅ ብዬ አየሁ። ሁለት እስክሪብቶ ነበር።

አምና ከድሮ ፋይላቸው ግልባጭ ፈልገው እኛ ቢሮ መጥተው ኖሯል። ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ አስተርጓሚ ሆነው ይሠራሉ፤ አፍ የፈቱት በኑዌር ቋንቋ ነው፣ እንግሊዝኛውን ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት፣ አማርኛውን ከገበያና ከቢሮ ወንበር ላይ ነው የተማሩት። ሲናገሩት ይፈጥናሉ፤ ሲጽፉት ግን ይጠነቀቃሉ።

«ሦስት ቀን አመላለስከኝ» አሉ። «ነገ ይመለሱ፣ እናት አልከኝ። ውኃ ጠጣህ። ልፈርም ስል የማይጽፈውን ሰጠኸኝ።»

«የማይጽፍ መሆኑን አላውቅም ነበር!»

«ታዲያ ለምን በሌላው ትጽፋለህ?»

 «ሆዱ ግን…» አልኩ፣ የራሴን ጠፍጣፋ ሆድ እያሳየሁ። «እኔ ሆድ የለኝም።»

«ሆዱ የሌላ ሰው ነው» አሉ። «እስክሪብቶዎቹ ያንተ ናቸው።»

በማስታወቂያው በኩል ያገኙት ጸሐፊ እኔ መሆኔን እስከዚያች ደቂቃ አላወቁም ነበር፤ ይህን በመጽሐፋቸው ላይ እጃቸውን አድርገው ነገሩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው አንተ ይሉኛል። እኔ በእርስዎ ቀረሁ፤ በዕድሜያቸው ምክንያት፣ ትንሽም በፍርሃት።

ሰኞና ማክሰኞ አኮረፍኩ። አንዱን እስክሪብቶ ከኪሴ አወጣሁት፤ ደረቴ ባዶ መሰለኝና መለስኩት። የቢሮ ጎረቤቴን «ያ ኃላፊ እኔ መሆኔን አውቀሽ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት። «ስታነብልኝ እኮ ውኃ ትጠጣ ነበር» አለችኝ።

ረቡዕ በምሳ እረፍት ረጅም መከላከያ ጻፍኩላቸው። የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነበር። የፋይል ክፍሉ ቁልፍ ሌላ ሰው ጋ ነበር። ማኅተም ያዧ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበሩ። ሰው ፊት ቆሞ «ዛሬ የለም» ማለት ከባድ ነው፤ ነገ ማለት ይቀላል።

«ይህን ሁሉ ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ?» አሉኝ። «ኃላፊውን ውሰድና ጻፈው። ዓሣ አጥማጁን ስጠኝ።»

ተቀያየርን። በኃላፊዬ ኮራሁበት። ስብሰባውን፣ ቁልፉን፣ የወሊድ ፈቃዱን ሁሉ እንደ ሐዘንተኛ አስዘረዘርኩት፤ በመጨረሻም በሚያሳዝን ድምፅ «ነገ ይመለሱ፣ አባት» አስባልኩት። ደንጊያ እንኳ ይራራል ብዬ ጠበቅኩ።

የእሳቸው ዓሣ አጥማጅ «እሺ» አለ። አልወጣም። አግዳሚው ላይ ተቀመጠና በቅጠል የተጠቀለለ አምባዛ ከወንበሩ ሥር አስቀመጠ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ኃላፊዬ።

«ዓሣ።»

«ቢሮ ውስጥ?»

«ነገ እዚህ ነኝ። እሱም እዚህ ነው።»

ከዚያ በኋላ በየተራቸው አንድ መስመር ብቻ መላክ ጀመሩ። «ሙቀት ጨመረ።» እኔ መስኮት አስከፈትኩ። «ዝንብ መጣ።» እኔ ቬንቲሌተሩን አስጨመርኩ። «ቬንቲሌተሩ ሽታውን ለሁሉም አዳረሰ።» ኃላፊዬ አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ። ከጨዋታው ወጥቼ ጠየቅኳቸው፦

«ኃላፊዬ ዓሣውን ወደ ውጭ ማውጣት ይችላል?»

«አይችልም። ዓሣው የእኔ ገጸ ባሕርይ ነው። የሰው ገጸ ባሕርይ አይነካም።»

በአራተኛው ቀን ኃላፊዬ ተሸነፈ። እጁን ወደ ጠረጴዛው መሳቢያ ሰደደና ማኅተሙን አወጣ። ጽፌ ከላክሁት በኋላ ነው የደነገጥኩት፤ ማኅተሙ ለካ የወሊድ ፈቃድ አልወጣም፣ እሱ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ባልደረባዬ ቀጠሉ። ዓሣ አጥማጁ ወረቀቱን ተቀበለ፣ ስሙ በትክክል መጻፉን ፊደል በፊደል አየ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ «አመሰግናለሁ» ብሎ ወጣ።

«ዓሣውን እኮ ረሳው!» ብዬ ጻፍኩላቸው።

«አልረሳውም» አሉኝ። «ለኃላፊው ምሳ ነው።»