ሠርግ የተደገሰበት ነዳጅ ማደያ

ወልድያ፣ ጎህ ሲቀድ

መናኸሪያው ገና አልነጋለትም፤ ረዳቶቹ ግን «መርሳ! መርሳ! አንድ ሰው ቀረው!» እያሉ ይጮኻሉ። አንድ ሰው ቀረው የሚሉት መኪናው ባዶ ሲሆን ነው። ገብቼ ተቀመጥኩ።

ለማታውቁኝ አንባቢዎች፣ ብዙ ባትሆኑም፣ ልንገራችሁ። በዚህ አገር ነዳጅ የት ተቀምጦ እንዴት እንደሚፈነዳ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በወጣትነቴ አሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ቧንቧ ገጣሚ ነበርኩ። ፈረንጆች የጣሉትን የአደጋ መከላከያ መጽሐፍ አንስቼ፣ መዝገበ ቃላት ከጎኔ አድርጌ፣ ያለ አስተማሪ ጨረስኩት። ዲግሪ ያላቸው ልጆች ዛሬም ይጠይቁኛል፤ ባይጠይቁኝም እነግራቸዋለሁ።

ትናንት የመርሳው ማደያ ባለቤት ሐጂ እንድሪስ ደወሉልኝ። «ጋሽ ታረቀኝ፣ ማደያዬን አሳድሻለሁ። ለእሳት የሚያሰጋ ነገር ካለ መጥተው ይዩልኝ። በዚያውም ልጄን እድራለሁ፣ ድግሱን ይቀምሳሉ።» ድግሱ የት እንደሆነ አልነገሩኝም።

ሲሪንቃ

ገና ወልድያን ሳንለቅ የቤንዚን ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ዞር ስል ከኋላ ወንበር ስር፣ ከአንዲት እናት እግር አጠገብ፣ ቢጫ ጄሪካን ተጋድሟል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዘይት ነው አባባ» አለ ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ።

«ለምን ዓይነት ወጥ የሚሆን?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ሹፌሩም አፍሮ፣ «ማደያው ሁሉ ደርቋል፤ ለምኜ ያገኘኋትን የት ላድርጋት? አብሽሩ፣ ክዳኗን በላስቲክ አጥብቄያታለሁ» አለ።

«አንቱ ደግሞ ነገር ያከብዳሉ» አሉኝ ጄሪካኑ እግራቸው አጠገብ ያለው እናት።

ሲሪንቃ ላይ አስቆምኩት። እዚህ ምርምር ጣቢያ አለ፤ ማሽላ ተመራማሪ አለው፣ ለጄሪካን ግን ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጣሪያው ላይ ይታሰር ብዬ ተከራከርኩና አሸነፍኩ። አንድ ደግ ሰው ሊያስር ወጣልን፤ የተለኮሰ ሲጋራ በአፉ ይዞ። ሲጋራውን ከአፉ የነጠቅኩት እኔ ነኝ። አመሰግናለሁ እንኳ አላለኝም።

መርሳ፣ ረፋድ

ሙቀት፣ አቧራ፣ በጋሪ የተቆለለ ማንጎና ፓፓያ። ማደያው ከሩቅ ታየኝና ዓይኔን ጠራረግኩ። በሰፊው ጣሪያ ስር አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። የቤንዚን መቅጃዎቹ ሪባን ታስሮላቸዋል፤ ሙሽሮቹ እነሱ ይመስላሉ። እሳት ማጥፊያው የጥላ ሸራ ገመድ ታስሮበት እንደ ካስማ ያገለግላል። የአሸዋው ባልዲ አሸዋው ተደፍቶ የተላጠ ሽንኩርት ሞልቶታል። ከኋላ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ሁለት ትልልቅ ምድጃዎች ይንቦገቦጋሉ። በአንደኛው የሐጂ እህት ወይዘሮ ዘይነብ የእስላሙን ድስት ያማስላሉ፤ በሌላው ጎረቤታቸው ወይዘሮ አበባ የክርስቲያኑን። ወሎ እንዲህ ነው፤ ሥጋው ይለያያል፣ ፍንዳታው የጋራ ነው።

«ሐጂ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥላ ነዋ! ሲሚንቶ ወለል ነዋ! ይሄን የመሰለ ጣሪያ እያለኝ ድንኳን ልከራይ?»

«ከወለሉ ስር ያለው ታንከርስ?»

«ወላሂ ጠብታ የለበትም። ነዳጅ ካየን ከረምን።»

«የሚያሰጋው እኮ ባዶው ነው። ፈሳሹ ሲያልቅ ጋዙ ቤቱን ይወርሳል።»

ሐጂ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አብሽሩ ጋሼ። ነዳጅ ከሌለ አደጋ የለም። ይልቅ ይቀመጡና ለስላሳ ይጠጡ።»

ሳይንሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። እኔ መጽሐፉን ስንት ዓመት አንብቤዋለሁ።

መርሳ፣ ቀትር

ከጎረቤቷ ግራና ከተማ የመጡት እንግዶች ተቀምጠው፣ ልጆች በመቅጃዎቹ መሃል ሲሯሯጡ፣ በውርጌሳ በኩል ቦቴ መጣ። ሲጠበቅ የከረመው ነዳጅ ለመምጣት የመረጠው ቀን ይህ ነው። የመርሳ ባጃጆች ከየት እንደበቀሉ እንጃ፤ በደቂቃ ውስጥ መንገዱን በሰልፍ ሞሉት። ከሙሽራው በላይ እልል የተባለለት ቦቴው ነው።

«ሐጂ፣ ቶሎ ልገልብጥ» አለ የቦቴው ሹፌር። «ካልሆነ ወልድያ የሚቀበለኝ ሞልቷል።»

ታንከር ሲሞላ በውስጡ የነበረው ጋዝ በማስተንፈሻው ቱቦ ይወጣል። ያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ እንደ ጭስ ወደ ሰማይ አይሄድም፣ እንደ ውሃ መሬት ለመሬት ይፈስሳል። ነፋሱ ደግሞ ወደ ምድጃዎቹ ነበር። በመሃል ሠርገኛው አለ።

«እሳቱ ይጥፋ!» አልኩ።

«ሥጋው ገና ሳይበስል?» አሉ ወይዘሮ ዘይነብ ማማሰያቸውን እንደ ዱላ ይዘው። «አንቱ፣ ሠርግ ያለ እሳት የት አይተዋል? ካልሆነ የአበባ ይጥፋ መጀመሪያ!»

«የኔማ ትንሽ ናት!» አሉ ወይዘሮ አበባ። «የሚነደው የሷ ነው!»

ሐጂ አንዴ ቦቴውን፣ አንዴ ድስቱን አዩ። «ፈጠን ብሎ ይገልብጥ። እሳቱ እንደሁ ጥግ ነው።»

ሹፌሩ ጎማውን ቱቦ መጎተት ጀመረ። እኔም ሄጄ ከወለሉ ስር ያለው ታንከር አፍ ክዳን ላይ ቁጭ አልኩ።

«ሽማግሌ፣ ይነሱ!»

«አንሳኝና ገልብጥ።»

«አባባ፣ ጡረታዎን ሌላ ቦታ ይቀመጡ!» ጮኸ አንድ ባለባጃጅ፤ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ክዳኑ በፀሐይ ግሏል። ከሳይንስ ሰው የሚጠበቀውን ሁሉ ቻልኩት።

ሐጂ መጥተው ጎንበስ አሉ። «ጋሼ፣ በእንግዳ ፊት አያዋርዱኝ።»

«ሐጂ፣ ልጅዎን መዳር ነው የሚፈልጉት መቅበር?»

ሐጂ መቅጃውን ተደግፋ የምትስቀውን የሙሽራዋን ታናሽ አዩ። «ያን ያህል ነው?»

«ያን ያህል ነው።»

ቀና አሉና ወደ ሰልፉ ጮኹ፦ «ድስትና እንግዳ ወደ ኳስ ሜዳው ያሻገረ፣ ቤንዚን ሲቀዳ ይቀድማል!»

እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ማምለጥ በመጽሐፉም አላነበብኩም። ሲስቅብኝ የነበረው ባለባጃጅ የእስላሙን ድስት ከነወይዘሮ ዘይነብ አሳፈረ። ሌላው የክርስቲያኑን ጫነ። ወንበሩ፣ አሮጊቱ፣ ሕፃኑ፣ ሽንኩርቱ ሁሉ በነፋሱ መነሻ በኩል ወዳለው ሜዳ ተጋዘ። ፍሙ ላይ ውሃ ተደፋ። በእንጨት እየቆሰቆስኩ ፈተሽኩ፣ ባጃጆቹን ሞተር አስጠፋሁ፣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚከላከለው የቦቴው ሽቦ ከመሬት መታሰሩን አየሁ። ከዚያ ብቻ ነው «ገልብጥ» ያልኩት።

ምድጃው የነበረበት ቆሜ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ሽታው በጉልበቴ ቁመት መጣ፤ ወፍራም፣ ጉሮሮ የሚይዝ። ወይዘሮ ዘይነብ ጭልፋ ረስተው ተመልሰው ኖሯል። ምድጃው ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ በሻሻቸው አፍንጫቸውን ያዙ። የጠፋውን አመድ አዩት። እዚያው ከቀረው የውሃ ጄሪካን ቀድተው የረጠበው አመድ ላይ ደገሙበት።

ወልድያ፣ ማምሻውን

ይህን የምጽፈው ቤቴ ገብቼ ነው፤ ድግሱ እዚያው መርሳ ሜዳው ላይ ተበላ። ሥጋው አልበሰለም ብሎ ያላማ እንግዳ አልነበረም፤ ጥፋቱም የኔ ሆነ። ሐጂ ደግሞ «ሜዳው ነፋሻ ስለሆነ አስቀድሜ ያሰብኩበት ነው» ይላሉ። አልተከራከርኩም። ወንበሬ ላይ ሆኜ የሚያጉረመርመውን ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር አየሁት፤ አንድም አልጎደለም፤ ሁሉም ምላስ አለው፣ ሁሉም ጥርስ አለው። ከዚያ ካልበሰለው ሥጋ ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ።