ከእኔ ቀድማ የምትገባው መምህርት

ትናንት ልጄ ከዳንግላ ደወለችልኝ። እሷም እንደኔ መምህርት ናት፤ ለመውለድ ወር አልቀራትም። ፈቃድ ብትጠይቅ ርዕሰ መምህሩ «ፈተናው ይለፍ» አላት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠም ያቺ ቃል ጥርት ብላ ደረሰችኝ።

እኔም ያቺን ቃል ሰምቻታለሁ፤ ይህችኑ ልጄን አርግዤ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ በነበረች የገጠር ትምህርት ቤት። ከየካቲት ጀምሮ አንደኛ ክፍል አስተምር ነበር። ወንዶቹ መምህራን ትልልቆቹን ክፍሎች ሲከፋፈሉ «ሕፃን ማባበል ለሴት ነው» ተባለ፤ ለስብሰባ ድንች መቀቀሉም እንደዚያው። ዝም አልኩ። ያኔ ዝምታ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ጭጋጉ እስከ ረፋድ አይለቅም፤ ከፊት የሚሄድ ፈረስ እንኳ በኮቴው ነው የሚታወቀው። ገና ግቢው መሃል ሳለሁ ከቀርከሃው ግድግዳ ወዲያ ተማሪዎቼ ብድግ ሲሉ፣ «እንደምን አደሩ ቲቸር!» ሲሉ እሰማለሁ። ስገባ ግን ሁሉም ተቀምጠዋል። ለእኔ የሚነሳ የለም። ንቀት መሰለኝና አንድ ቀን ከፊት የምትቀመጠውን ይታይሽን ጠየቅኋት።

«ለማን ነው የምትነሱት?»

«ለፊተኛዋ ቲቸር። እሳቸው ከእርስዎ ቀድመው ይገባሉ።»

ጥበቃው ጋሽ ውቤ አንገታቸውን ደፍተው ነገሩኝ። ከእኔ በፊት የነበረችው መምህርት ፈቃድ ጠይቃ «ፈተናው ይለፍ» ተባለች። የመጨረሻውን ወረቀት አርማ፣ ምጥ ይዟት ወደ እንጅባራ ስትሄድ መንገድ ላይ ቀረች። «ከነልጇ» አሉ። «ልጆቹ አሁንም ይነሱላታል። ማን ይከልክላቸው?»

በማግስቱ ፈቃድ ጠየቅሁ። ርዕሰ መምህሩ ቀና እንኳ ሳይል «ፈተናው ይለፍ» አለኝ። «እናንተ ሴት መሆናችሁ ትዝ የሚላችሁ ፈቃድ ስትፈልጉ ነው።» እሺ ብዬ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ጠዋት ግቢው ጭር ብሎ ነበር፤ ሰላምታ አልተሰማም። ስገባ ልጆቹ በሙሉ ተነሱልኝ። ደስ ብሎኝ ወንበሩን ልስብ ስል ይታይሽ፣ «ዛሬ ፊተኛዋ ቲቸር ወንበሩን ለቀቁልዎ» አለችኝ።

መቀመጫውን ነካሁት። በዚያ ብርድ ሞቆ ነበር።

አልተቀመጥኩም። ቦርሳዬን አንስቼ በዚያው ወደ አስፋልቱ ወጣሁ፤ ማንንም አላስፈቀድኩም። እንጅባራ በደረስኩበት ዕለት ማታ ምጥ ያዘኝ። ልጄ የመጣችው በጭንቅላቷ ሳይሆን በእግሯ ነበር። አዋላጇ «መንገድ ላይ ቢይዝሽ ኖሮ» ብላ ሳትጨርሰው ተወችው።

«ሥራ ጥላ ሄደች» ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ደብዳቤውን ዛሬም ከልጄ የልደት ካርድ ጋር ነው የማስቀምጠው። የዚያችን መምህርት ስም አለመጠየቄ ግን እስካሁን ያሳፍረኛል። እኛ አዋቂዎቹ በቦታዋ ሰው ተክተን ዝም ስንል፣ ያስታወሷት ሕፃናቱ ብቻ ነበሩ።

ይህን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ትናንት ነገርኳት።

«እማዬ፣ ወንበሩ እውነት ሞቆ ነበር?» አለችኝ።

«ሞቆ ነበር።»

ስልኩን አልዘጋችውም። ቦርሳዋን ስታነሳ፣ ከዚያም በሩን ከፍታ ስትወጣ ሰማሁ።