ሠርግ በጎርፍ ማቆያው ውስጥ

የሰፈሩ ሰው «የባዶ ሐይቅ እመቤት» ይላታል። ከገበያው መንገድ ጀርባ ሰፊ ጉድጓድ አስቆፍራ፣ ዳር ዳሩን ድንጋይ አልብሳ፣ ወለሉን ሣር አስተክላ ስታበቃ ውስጡ ጠብታ ውሃ አልነበረማ!

ኢንጂነሯ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ነው። ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ቁጥር መንገዱ ወንዝ ይሆናል፤ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ተሸክሞ ይሮጣል፣ ፋርማሲስቱ ከታችኛው መደርደሪያ መድኃኒት ያሸሻል፣ እናቷ ፍራሹን ጠረጴዛ ላይ ትከምራለች። ማዘጋጃ ቤት ስትቀጠር ይህን ሥራ ያገኘችው አለቆቿን ጨቅጭቃ፣ አሰልችታ ነው።

«ሐይቁ መቼ ነው የሚሞላው?» ይላታል ፋርማሲስቱ ባለፈች ቁጥር።

«ደህና ዝናብ ሲመጣ።»

«ትናንት ዘነበ እኮ!»

«እሱ ካፊያ ነው።»

የባሰው ግን አጎቷ፣ የእናቷ ታላቅ ወንድም ነበር። አናጢ ነው፤ ሁሉን ነገር በዓይኑ ካልለካ እንቅልፍ አይወስደውም። አንድ ቀን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጉድጓዱን ዞረና ራሱን ነቀነቀ።

«የኔ ልጅ፣ አትቀየሚኝና ተሳስተሻል። ውሃው የሚገባበት ቱቦ በሬ ያሳልፋል። በሚወጣበት ግን ድመት እንኳ ሆዷን ካልሳበች አታልፍም።»

«ሆን ብዬ ነው ጋሼ። ጎርፉን ማስቀረት አልችልም፤ ወረፋ ማስያዝ ግን እችላለሁ። እዚህ ይጠራቀምና ቀስ እያለ ወደ ወንዙ ይወርዳል።»

«ጎርፍ ወረፋ ይይዛል?» አለና እስኪያስለው ሳቀ።

ብዙም ሳይቆይ ፊቱን አሳምሮ ተመለሰ። ልጁን ሊድር ነው፤ ግቢው ጠባብ ነው፤ የተከራየው አዳራሽ ደግሞ ለሌላ ተሰጥቶበታል።

«ይሄን የመሰለ ሜዳ ተቀምጦ!»

«ጋሼ፣ ሜዳ አይደለም። የጎርፍ ማቆያ ነው።»

«ጎርፉ የታለ?»

«ቢመጣስ?»

«በዚህ ወር ዘንቦ ያውቃል?»

ከአጎቷ ጋር መከራከር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። አለቃዋ እንዲከለክልላት ብትለምነው፣ ለካስ የቤቱን በርና መስኮት ያሠራው አጎቷ ጋ ኖሯል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ፈቀደ። እሷም የሽማግሌዎቹ መቀመጫ ወደ ላይ በሚያወጣው ደረጃ አጠገብ እንዲሆን ብቻ ለመነች።

ሠርጉ ደመቀ። ነጭ ድንኳን ተተከለ፣ ወንበሩ ተደረደረ፣ ሣሩ ምንጣፍ መሰለ። ከሰዓት በኋላ አጎቷ ማይክራፎኑን ጨብጦ ምርቃት ጀመረ። «ልጆቼ፣ በረከቱ ከላይ ይዝነብላችሁ!» እንዳለ ሰማዩ አጉረመረመ።

«አሜን!» አለ ሠርገኛው።

መጀመሪያ ማንም አልደነገጠም፤ ድንኳን አለ። ነገር ግን ከላይ ሰፈር መንገዶች የተሰበሰበው ውሃ ቦዮቹን ሞልቶ፣ በሬ በሚያሳልፈው ቱቦ እያገሳ ገባ። ቁርጭምጭሚት ደረሰ፤ ከዚያ ጉልበት። ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ወደ ደረጃው ተጋፋ። ሙሽራው ሙሽሪትን አቀፈ፣ ሚዜው ኬኩን በራሱ ላይ ተሸከመ። የፕላስቲክ ወንበሮቹ ተንሳፍፈው መውጫው ላይ ወዳለው የብረት ፍርግርግ ሄዱና አንዱ ካንዱ ኋላ ተሰለፉ። አጎቷ ማይክራፎኑን አልለቀቀም፤ «ተረጋጉ! አሁን ያባራል!» ይላል፣ ውሃው ቀበቶው ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

ኢንጂነሯ አሮጊቶቹን ደግፋ አወጣችና ወደ ገበያው መንገድ ሮጠች። አስፋልቱ ረጥቧል እንጂ ወንዝ የለም። ልብስ ሰፊው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሱሪ ይሰፋል። መሃል መንገድ ላይ ቆማ እንባዋን ለቀቀችው።

አንዲት ጎረቤት ደርሳ አቀፈቻት። «አይዞሽ ልጄ፣ ሠርጉ ቢበላሽ ትዳሩ አይበላሽም።»

«እሱን አይደለም እኮ! መንገዱን እዩት! ውሃ የለም!»

«ወይኔ፣ ልጅቷ ደንግጣለች! ኧረ ውሃ አምጡላት!»

ሠርጉ እዚያው መንገድ ላይ ቀጠለ፤ ሰው ባዶ እግሩን ጨፈረ። አጎቷ ሱሪውን ጠቅልሎ የፋርማሲው ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

«መውጫውን ብታሰፊው ኖሮ...»

«ከታች ወንዙ ዳር ያሉት ቤቶች ሠርጉን ይካፈሉን ነበር ጋሼ።»

ተኮሳትሮ ሄደ፤ ለሳምንታትም አኮረፋት። ያስታረቃቸው የሠርጉ ቪዲዮ ነው። ሁሉም ሲሸሽ እሷ ብቻ ድዷ እስኪታይ ስትስቅ ትታያለች፤ አጎቷ መጀመሪያ ተናደደ፣ ከዚያ ራሱን ማይክራፎኑን እንደጨበጠ ሲያይ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ።

መሥሪያ ቤቱም ቪዲዮውን ፈለገው። ውሃው የት ድረስ እንደሞላ ሌላ ማስረጃ ስላልነበረ፣ ባለሙያዎቹ ተሰብስበው የሙሽራውን ሱሪ እያዩ ገመቱ። ሥራው ተመሰገነና ሌላ ሰፈር ተሰጣት። እዚያ ችካል መትከል የጀመረች ዕለት አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ለረጅም ጊዜ ሲያዩዋት ቆዩና ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ዓሣም ይኖረዋል?»