ጎተራ ውስጥ የጋለው በቆሎ

የበደለኝ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው፤ የበደለኝም ባሌ በሞተበት ዓመት፣ በቆሎው ሲሰበሰብ። ዝናቡን አልወቅስም።

ከወሎ በሰፈራ ወደ ጋምቤላ ስንመጣ ሁላችንም ልጆች ነበርን። ይህ ወንድሙ ግን እዚህ ቆላ፣ አቦቦ አጠገብ አርጅቶም የአባቱን የደጋ ጎተራ አልረሳም።

በቆሎው ባሌ ዘርቶና ኮትኩቶ ሳይሰበስበው የሞተ የመጨረሻ እርሻው ነው። የዓመት ቀለቤም፣ የመጪው ክረምት ዘሬም እሱው ነበር። ተፈልፍሎ ሲያበቃ አንድ ፍሬ በጥርሴ ነከስኩ፤ ለስላሳ ነው።

«ገና ነው፣ ፀሐይ ይምታው» አልኩ።

«እትዬ፣ አባቴ ጎተራ ሲሞላ ሴት አላማከረም» አለ ወንድሙ፣ ጆንያውን ትከሻው ላይ እያወጣ። «ደግሞ ጥርስሽ ከመቼ ወዲህ ነው እህል መርማሪ የሆነው?»

ሊያግዙ የመጡት ጎረቤቶች ሳቁ። ሐዘን ላይ ነበርኩ፤ ወደ ቤት ገባሁ፣ እሱም ጎተራውን ሞላው።

ከሳምንታት በኋላ እጄን ጎተራው ውስጥ ብከት እንደታመመ ሕፃን ገላ ይፋጃል። ጋምቤላ ከተማ ባዮሎጂ የምታስተምረው ልጄ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበርና ጠራኋት።

«ማን ነው እሳት የለቀቀበት?»

«ራሱ ነው፣ እማዬ። ፍሬው እኮ ሕይወት አለው፤ ይተነፍሳል። ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ከውሃና ከአየር ስኳር ሠርቶ ለፍሬው ስንቅ አኖረለት። ፍሬው ደግሞ ያንን ስንቅ በአየር እያቃጠለ ይኖራል። ደረቅ ሲሆን ቀስ ብሎ ነው፤ እርጥብ ሲሆን ይብስበታል። ሙቀትና እርጥበት ያወጣል፣ ሻጋታም ይደረብበታል። ደጋ ቢሆን ብርዱ ያዘገየው ነበር።»

«የአባትሽን ላብ ነዋ የሚበላው!»

«ፀሐዩንም» አለች ቀስ ብላ።

የባሌን ወንድም አስጠራሁት። እጁን እስከ ክርኑ ከተተና ቶሎ አላወጣውም።

«ዝናቡ የወንድሜን እህል እንዳይወስድብኝ ነው የቸኮልኩት» አለ። እንባው ጢሙ ላይ ወረደ።

እውነቱን ነበር። እሱም ወንድሙን ቀብሯል፤ ከሟች የቀረውን ነገር በሙሉ ከዝናብ ሊያስጥል ነው የሮጠው። ይህ እንደገባኝ ግን ያኔም አልነገርኩትም፣ እስከ ዛሬም አልነገርኩትም።

የበቆሎው መሐል ጠቁሮና ተጣብቆ ወጣ፤ ተደፋ። ከዳር የተረፈውን ለይቼ ሸራ ላይ አሰጣሁ። ጥቂት ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ሞከርኩ፤ አብዛኛው በቀለ። የዚያን ዓመት ቀለቤ ከልጄ ቤት መጣ። ክረምት ሲገባ የተረፈውን ዘራሁ። ለአረም የባሌን ወንድም ጠራሁት፤ መጣ። ሰብሉ ደርሶ ሲደርቅ ጎተራውን ራሴ ሞላሁ።