የአባባ ተራ

ጓደኛዬ እጇ ከሐሳቧ ይቀድማል። ይህን ያወቅሁት ዶርም በተጋራን በሁለተኛው ቀን፣ ገና ስሜን በቅጡ ሳትይዝ የነከርኩትን ልብስ አጥባ አስጥታ ስትጠብቀኝ ነው። ያደገችው ድሬዳዋ ነው። እዚያ ሰው ዕቃ ሲከብደው ይወሰድለታል እንጂ አይጠየቅም ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሳይጠይቁኝ የሚነካኩኝ ሰዎች ያናድዱኛል፤ እሷን ግን ለመቆጣት የሞከርኩት አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እህቴ ሆነች።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር የነበረው የሴሚስተር ዕረፍት አጭር ስለነበር ድሬዳዋ ደርሶ መመለሱ አልታያትም። "እኛ ቤት እንሂድ" አልኳት። እኛ ቤት ደብረ ማርቆስ ነው። እናቴ እዚያ ታስተምራለች።

"ብርድ አለ ይላሉ" አለችኝ።

"ትንሽ" አልኳት። ዋሽቻለሁ።

ከአዲስ አበባ ማልዶ የተነሳው አውቶቡስ ዓባይን ወርዶ ወጥቶ ሉማሜ ላይ ለሻይ ቆመ። ጓደኛዬ ሁለት ሹራብና የእኔን ፎጣ ደራርባ ከብርጭቆው ትኩስነት ጋር ስትታገል ነበር። ረዳቱ የወራጆችን ዕቃ ያወርዳል። አንዲት ሴትዮ ከረጢታቸውን ወስደው መንገዱ ዳር አቆሙና ዘወር አሉ። ምን እንዳሰበች አላውቅም፣ ብድግ ብላ ከረጢቱን በሁለት እጇ አነሳችና ትንሽ ራቅ ብለው ቆመው ለነበሩ አንድ ሽማግሌ አስታቀፈቻቸው። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ተቀበሉ። ሴትዮዋ "ኧረ በማርያም፣ እህሌን!" እያሉ ሲሮጡ ሻይ ቤቱ በሙሉ ወጥቶ አየን።

"እጃቸውን ዘርግተው አየኋቸዋ!" አለችኝ አውቶቡሱ ውስጥ፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ።

"ጀርባቸውን እያፍታቱ ነበር።"

"በምን አውቃለሁ?"

"ሁለተኛ ማንም ሳይጠይቅሽ ምንም ነገር እንዳታቀብዪ!" አልኳት። ማለች።

እናቴ ገና ከበር ላይ ስታያት ወደደቻት። ጋቢ አለበሰቻት፣ በጋቢው ላይ ሌላ ጋቢ ጨመረችላት፤ ሦስት ቀን ሙሉ በሁለት ጋቢ ተጠቅልላ ከተማውን ዞረች። በአራተኛው ቀን ጥር ሃያ አንድ ነበርና ሦስታችን በጠዋት ሚኒባስ ይዘን ወደ ሮብ ገበያ ወጣን። አያቴ፣ አባባ የምላቸው የእናቴ አባት፣ ከሮብ ገበያ ግማሽ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ መንደር ውስጥ ይኖራሉ። የታጨደው የገብስ ማሳ ላይ ከብቶች ተለቀዋል፣ የጮቄ ጫፍ ደመና ለብሷል። ጓደኛዬ ከአፏ የሚጨሰውን ትንፋሽ እያየች ትስቅ ነበር። እኔም ከእሷ ጋር ሳየው አገሬ ውብ ሆና ታየችኝ፤ ብቻዬን ስመጣ የማየው ጭቃውን ነው።

አባባ ደጃፋቸው ላይ ቆመው አገኘናቸው። ጢማቸው ተስተካክሏል፣ ነጠላቸው ታጥቦ ነጭ ሆኗል።

"ዛሬ ጽዋ እቀበላለሁ" አሉን፣ ገና ሰላም ብለን ሳንጨርስ።

ለጓደኛዬ ማስረዳት ነበረብኝ። ሙስሊም ናት፣ የማርያም ማኅበር ምን እንደሆነ አታውቅም። አሥራ ሁለት ቤተሰቦች ናቸው፤ በየወሩ በሃያ አንድ በአንዱ ቤት ተሰብስበው ይጸልያሉ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። ማብቂያው ላይ ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋው ይሰጠዋል። ጽዋው ጨርቅ የለበሰ የሸክላ ማሰሮ ነው። የተቀበለ ሰው ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል፣ በወሩ ይደግሳል። የካቲት፣ እናቴ ሳትወለድ ጀምሮ፣ የአባባ ቤት ተራ ነው። ድግሱን የምትደግሰው ግን ባለቤታቸው፣ ሴት አያቴ ነበረች። ባለፈው የካቲት ደግሳ፣ ከፋሲካ በኋላ ሞተች።

ይህን አስረድቼ ጨርሼ ጀሪካን ይዤ ወደ ጓሮ ስዞር ከአጥሩ ወዲያ ድምፅ ሰማሁ። አንዱ የእናቴ ነው። ሌላው የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ ከእናቴ ጋር አብረው ያደጉ ጎረቤት ናቸው።

"እታለም፣ አባትሽ ደክመዋል" ይላሉ። "ሴት የሌለበት ቤት እንዴት አድርጎ ይደግሳል? ጠላው በማን ይጠመቃል? ተመካክረናል፣ ተራቸውን እናልፋለን። መጥተው ይብሉ፣ ይጠጡ። ድግሱን ግን ይረፉት።"

"ነግራችኋቸዋል?" አለች እማዬ።

"ምን ብዬ ልንገራቸው? አንቺ ብትነግሪያቸው ይሻላል።"

"እኔም እንግዲህ ትምህርት ቤቱን ትቼ አልመጣ። እሺ" አለች።

ጀሪካኑን ባዶውን ይዤ ተመለስኩ። እማዬም ተከትላኝ ገባች። አባባ ነጠላቸውን እያጣፉ ነበር። ትነግራቸዋለች ብዬ ጠበቅኩ። ቀና ብላ አየቻቸውና "ዘንድሮ ድንቹ እንዴት ነው?" አለቻቸው። አባባ ስለ ድንቹ በሰፊው አወሩ። እኔም መናገር እችል ነበር። አፍ አለኝ፣ በሌላ ጊዜማ ዝም በይ የምባል ነኝ። የትልልቆቹ ጉዳይ ነው ብዬ አለፍኩት፤ ውስጤ ግን ተቃጥሏል።

የዕለቱ ድግስ ሁለት ቤት አልፎ ነበር። ባለቤቲቱ ጠዋት ስንመጣ ጓደኛዬን ከነሻርፗ ከሩቅ አይተዋት ኖሮ "ላንቺ ለብቻው ሽሮ ሠርቼልሻለሁ፣ ሥጋ ያልነካው ድስት ነው" አሏት። ጓደኛዬ ደስ ብሏት እጃቸውን ሳመች። ሽሮው ከወጡ በልጦ ነበር መሰለኝ፣ ሁለት ጊዜ አስጨመረች። ጠላ ሲዞር እሷ ለስላሳዋን ይዛ ተቀመጠች። አሮጊቶቹ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ድሬዳዋ ከሐረር ይርቅ እንደሆነ፣ ባል ይኖራት እንደሆነ ጠየቋት። ሁሉንም መለሰች።

አባባ አልበሉም ማለት ይቻላል። ዓይናቸው ጥግ ላይ የተቀመጠው ጽዋ ላይ ነው።

ቄሱ ጸሎቱን ሲጀምሩ ሁላችን ተነሳን። ሲያበቁ ሙሴው ጽዋውን ብድግ አደረጉት። አባባ ወደፊት ሁለት እርምጃ ራመድ አሉና ነጠላቸውን በሁለት መዳፋቸው ላይ ዘርግተው እጃቸውን አቀረቡ። ሙሴው አቀርቅረው መጡ፣ አባባ ፊት ሲደርሱ ሳያዩዋቸው ዘወር አሉና አጠገባቸው ወደቆሙት፣ ወደ መጋቢቱ ተረኛ ዞሩ።

የአባባ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። አላጠፉትም። እማዬን አየኋት፤ መሬት መሬት ታያለች። እኔም ጫማዬን ማየት ጀመርኩ።

"አባባ እዚህ ናቸው! አላዩዋቸውም መሰለኝ" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ቀና ስል ጓደኛዬ አጠገቤ የለችም። መሀል ገብታለች። ጽዋውን ከሙሴው እጅ በትሕትና፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ ወሰደችና አባባ ነጠላ ላይ አስቀመጠችው። አባባ ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

እግዚኦ፣ እንደ ሉማሜው ከረጢት አደረገችው አልኩ በልቤ።

ሙሴው አፋቸውን ከፈቱ። ምን ሊሉ እንደነበር አላውቅም፤ ባለቤቲቱ እልል አሉ። ጽዋ ባለ ተራው እጅ ሲገባ እልል ይባላል። አውቀው ይሁን በልማድ፣ እስከ ዛሬ ጠይቄያቸው አልነገሩኝም። ሌሎቹ ሴቶች ተቀበሏቸው። ሙሴው ወደ ቄሱ ዞሩ። ቄሱም "ምን ታየኛለህ? ተቀብለዋል። አለቀ" አሉ።

ጽዋውን እያጀቡ፣ እየዘመሩ ሸኙን። እማዬ "ልያዝልዎት" ስትል አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጓደኛዬ ክንዴን ያዘችኝ።

"ሰው ሁሉ እንዲህ አየኝ። ምን አጠፋሁ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

ነገርኳት። ከአጥሩ ወዲያ የሰማሁትን ሳይቀር ነገርኳት። መንገዱ መሀል ቆመች።

"ያ አላህ! ሊያልፏቸው ነበር?"

"አዎ።"

"አንቺ ደግሞ ታውቂ ነበር?"

እንዲህ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ቤት ስንገባ አባባ ጽዋውን መደቡ ራስጌ፣ አያቴ ታስቀምጥበት የነበረው ቦታ ላይ አኖሩት። እማዬ ኩባያ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች፣ አልወጣችም። ተከትያት ገባሁ። ሁለት ጋን ታጥበው ተደፍተዋል። የደረቀ ጌሾ በከረጢት ተንጠልጥሏል። ሰፌድ ላይ የተሰጣ ብቅል አለ፤ ገብሱ አንዱ በቅሎ አንዱ አልበቀለም፣ ጀማሪ የሠራው እንደሆነ እኔ እንኳ አውቄያለሁ።

"ማን ነው ያበቀለው?" አለች እማዬ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

"እኔ ነኝ" አሉ አባባ ከወዲያ። "የእናትሽን አያክልም። የመጀመሪያው ሻገተብኝ፣ ለዶሮ ሰጠሁት። ሁለተኛውም እንዲሁ። ይሄ ይሻላል።"

"መቼ ጀመሩት?"

"በኅዳር። ስትሠራ ሳያት ነው የኖርኩ፣ የማውቀው መስሎኝ ነበር። ለካ እያየሁ አላይም ነበር።"

እማዬ ከጓዳ ወጥታ መደቡ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያለወትሮዋ፣ በእንግዳ ፊት፣ ነጠላዋን እንኳ ወደ ዓይኗ ሳትወስድ።

"አውቄ ነበር አባዬ። እንዲያልፉዎት እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።"

አባባ እንጨት ወደ እሳቱ ገፋ አደረጉ።

"አንቺ ሥራ አለብሽ፣ አልፈርድብሽም" አሉ በመጨረሻ። "ብቻ እኔን የጠየቀኝ የለም።"

ጓደኛዬ ጥግ ላይ ሁለት ጋቢዋ ውስጥ ተሰብስባ ነበር። አባባ ወደ እሷ ዞረው "አንቺ ልጅ፣ በርዶሻል፣ ወደ እሳቱ ቀረብ በይ" አሏት።

ወደ ትምህርታችን ተመለስን። እማዬ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሚኒባስ እየያዘች ትወጣ ነበር፤ ስደውልላት አንድ ቀን ለጠላው እንኩሮ እያነኮረች፣ ሌላ ቀን ከአባቷ ጋር ስለ ጌሾው መጠን እየተጨቃጨቀች አገኛታለሁ። ድምፅዋ ውስጥ አያቴ ከሞተች ወዲህ ያልሰማሁት ነገር ነበር። ስታወራኝ ትስቃለች።

የካቲት ሃያ አንድ ቅዳሜ ዋለ። ዓርብ ማልደን ተነሳን። ሉማሜ ላይ ጓደኛዬ እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ ሻይዋን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ጎንበስ ብላ ጠጣች፣ ለቀልድ። በማግሥቱ ድግስ ላይ ጾም መግባቱ በጃት፤ ሥጋ የለም፣ ያለውን ሁሉ ከሁሉም ጋር በላች። የአባባ ጠላ ግን መራራ ነበር። ጌሾው በዝቷል፤ ክርክሩን ያሸነፉት እሳቸው መሆናቸው ያስታውቃል። ሰው ሁሉ ፊቱን ሳያጨማድድ ጠጣ፣ ሙሴው ሦስት ጊዜ አስቀዱ። እንደ ካሳ ቆጠርኩላቸው።

ጸሎቱ አልቆ ጽዋው የሚሄድበት ሰዓት ሲደርስ የመጋቢቱ ተረኛ ነጠላቸውን ዘረጉ። አባባ ጽዋውን ከራስጌው አነሱ፣ ቆሙ፣ ቤቱን በዓይናቸው ፈለጉ።

"የት አለች ያቺ ልጅ? ነይ አቀብዪልኝ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ።"

ቤቱ ሳቀ። ጓደኛዬ ደንግጣ አየችኝ።

"አሁን ጠይቀውሻል" አልኳት።

ሄዳ ተቀበለቻቸው፣ ጎንበስ ብላ አቀበለች። እልልታው መጣ። ሰው ሊሸኝ ወደ ደጅ ሲጎርፍ አባባ የሙሴውን ክንድ ያዝ አደረጉ።

"ተራዬ መቼ ነው?"

ሙሴው ከጥር ወዲህ በቀጥታ ያላዩዋቸውን ሽማግሌ ቀና ብለው አዩ።

"የዛሬ ዓመት ነዋ፣ አባቴ። የካቲት የእርስዎ ነው።"

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። እማዬ ባዶውን ጋን ልታነሳ ከጓዳ በኩል ጎንበስ ብላ ነበር።

"ተዪው" አሏት፣ "እዚያው ይቀመጥ።"