የጅብ ጥላ ፍለጋ ወደ ቁስቋም

ነሐሴ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት። ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ጉለሌ ካለው ቤቴ ወጣሁ። ኪሴ ውስጥ የቀበሌ መታወቂያና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አለ። ሥራዬ ላቦራቶሪ ነው፤ ፔኒሲሊን ከሻጋታ እንደተገኘ ሁሉ፣ እኛም እንጉዳይ፣ ሰዉ የጅብ ጥላ የሚለውን፣ እየሰበሰብን ባክቴሪያ የሚገድል ነገር እንፈልግበታለን። ኬላው ላይ የአብዮት ጥበቃው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና «ለጅብ ጥላ ነው እንዲህ ማልደህ የተነሳኸው?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ በዚያ ዘመን እነሱ ሲስቁ መሳቅ ነበር።

ሁለት ሰዓት ተኩል። ከቁስቋም በላይ ጭጋግ ነው። ባሕር ዛፉ ያንጠባጥባል፤ የወፍ ድምፅ እንኳ የለም። እንጨት ለቃሚዋን እማማ በላይነሽን እዚያ አገኘኋቸው። ሲበስል አቧራ የሚሆን፣ ቁስል የሚያደርቅ ክብ እንጉዳይ እንዳለ አምና የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ ሲያዩኝ ፊታቸው ጠቆረ፤ ዘንድሮ አልበቀለም አሉ። ጣቶቻቸው ግን በዚያ ቡናማ አቧራ ተለውሰዋል።

ክፉ አመል አለብኝ፤ የለም የተባልኩትን ሳልፈልግ አልመለስም። ጉቶ ለጉቶ ወደ ገደሉ ወረድኩ። እንጉዳዮቹ አሉ፣ ግማሾቹ በቢላ ተቆርጠዋል። ሦስት ያህል ከረጢቴ ውስጥ ስከት ከእግሬ ሥር፣ ከመሬቱ ውስጥ፣ የሰው ሳል ሰማሁ። በቅጠል የተሸፈነ ጉድጓድ አፍ ላይ ደም የነካው የነጠላ ቅዳጅ ተሰጥቷል።

እማማ በላይነሽ ከኋላዬ ቆመዋል። ሲመጡ አልሰማኋቸውም።

«ጅብ ነው» አሉ።

«ጅብ ያስላል እንዴ፣ እማማ?»

«ዘንድሮ ጅቡንም ብርድ መቶታል።» ወዲያው ድምፃቸው ተሰበረ። «አንድ ልጅ ነው ያለኝ። የጥይት ቁስሉ ገና መድረቁ ነው።»

ፈራሁ፤ ለሳቸውም ለራሴም። ከረጢቴን አንግቼ ወደ ከተማ ወረድኩ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ላቦራቶሪ። የተገኘበት ቦታ ያልተጻፈበት ናሙና አይመዘገብም። ቁስቋምን ትቼ «ሸጎሌ» ብዬ ጻፍኩ።

ከአሥር ቀን በኋላ። በመስታወት ሳህኑ ላይ ባክቴሪያው በእንጉዳዩ ዙሪያ ሞቶ የጠራ ክብ ወጥቷል። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ኃላፊያችን በደስታ ተነስቶ፣ ለምርመራው ብዙ እንጉዳይ ስለሚያስፈልግ የአብዮት ጥበቃዎችን ይዘን ቦታውን እናስስ አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ሸጎሌን አብሬያቸው አሰስኩ፤ ከብት ገበያው ድረስ። ምንም አልተገኘም። ሳህኑ ላይ የነበረው እንጉዳይም ሞቶ ተጣለ። ስንቱን በሽተኛ ያድን ነበር እያልኩ ዛሬም ይቆጨኛል።

በዓመቱ፣ ነሐሴ። ብቻዬን ወጣሁ። እማማ በላይነሽን ያየ የለም። ጉድጓዱ ባዶ ነው። እንጉዳዮቹ አፉን ሞልተው በቅለዋል፤ አንዱንም ቢላ አልነካውም። ልጁ ድኖ ሄዶ ይሁን ተይዞ የምጠይቀው ሰው አጣሁ። ምናልባት ቢመለስ ጥበቃዎችን እንዳልመራበት ብዬ፣ እኔም አንድ ሳልቆርጥ ወደ ጉለሌ ተመለስኩ።