ፈረሱን እየሳብኩ የሄድኩበት መንገድ

ቆሰበር የሄድኩት ሥራ ፈላጊ ለማስተማር ነው። ይህን ስናገር ዛሬም የሚስቅብኝ አለ። አዲስ አበባ ያለው የሰንበት ማኅበራችን በጎ ፈቃደኛ ሲጠይቅ እጄን አወጣሁ፤ ጎጃምን በካርታ እንጂ በእግሬ አላውቀውም ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ጎረምሶቹን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከዛፍ ጥላ ሥር ሰብስቤ፣ ቀጣሪ ፊት እንዴት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚባል አሳያቸዋለሁ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል እላለሁ። እነሱ ግን ጨዋ ልጅ ራሱን አያወድስም ተብለው ያደጉ ናቸው። ምን ሥራ ትችላለህ ስላቸው አንገታቸውን ደፍተው መሬት ይጭራሉ፤ እኔም እበሳጫለሁ።

ትምህርቱ ቶሎ የገባው የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አንድያ ልጅ ነው። ቤታቸው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነበር። እናቱ አንድ እሑድ ቆማ ስታዳምጥ ቆየችና፣ የሚያስተምሩት መሄዱን ብቻ ነው፣ መመለሱንስ ማን ያስተምራቸዋል ብላ ጠየቀችኝ። የተረበችኝ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ከቆላ የሰሊጥ እርሻ የመጣ የጭነት መኪና ቆሰበር ቆመ። ካቦው ከላይ ሆኖ ሰው ይመርጣል። የሴትየዋ ልጅ ፈረሱን እንደ በዓል ቀን ሸልሞ መጣ። ወርዶ ቀና ብሎ ቆመ፤ ካቦውን ዓይን ዓይኑን እያየ የሚችለውን ሁሉ ተናገረ። መጀመሪያ የተጠራው እሱ ነበር። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። መኪናው ግን አልጠበቀም፤ ልጓሙን እጄ ላይ አድርጎ፣ ለእናቴ ያድርሱልኝ ብሎኝ ዘሎ ወጣ።

እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ መጋለብ አልችልም። ፈረሱን እየሳብኩ በእግሬ ተጓዝኩ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ነፋስ ግን የለም። የሚያርሱ ሰዎች በሬዎቻቸውን አቁመው አዩኝ። ሰላምታ ሰጠሁ፤ አልመለሱልኝም። እርስ በርሳቸው በአገውኛ ተነጋገሩና አንዱ ኩታውን አዘቅዝቆ ለበሰ። በሰፈሩ ሰው ሞቶ ይሆናል ብዬ እኔም አዘንኩላቸው። ትንሽ ስሄድ ሴቶች እጃቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው መንገድ ዳር ቆሙ። ማን ሞቶ ነው ብዬ ብጠይቅ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ከኋላዬ የሚከተለኝ ሰው እየበዛ ሄደ። ፍርሃት ያዘኝ፤ ምን እንደምፈራ ግን አላውቅም። ዋይታው የተነሣው ከምሄድበት ቤት ነው።

በዚያ አገር ሰው ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ፣ ኮርቻው ባዶውን፣ እየተሳበ ለቅሶ ይወጣል። ይህን የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

እናቱ ደረቷን ትደቃለች። እጇን ይዤ፣ አልሞተም፣ ሥራ አግኝቶ ነው የሄደው እያልኩ ለመንኳት። ሕዝቡ ነገሩ ሲገባው አንዳንዱ ሳቀ፤ አንድ ሽማግሌም በቁሙ የተለቀሰለት ዕድሜው ይረዝማል ብለው መረቁ። ኮርቻውን አወረዱ። እሷ ግን አላመነችኝም።

«ካለ ያምጡልኝ» አለች።

መኸሩ ሲያልቅ ይመጣል አልኳት። ክረምቱን ሙሉ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እየመጣች ትጠይቀኛለች፤ እኔም ያንኑ እመልሳለሁ። ቆላ የወባ ንዳድ እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ስሙን ግን አንጠራውም። ሰኔ ላይ አንደበቴ ደፋር ነበር፤ መስከረም ላይ እሷን ከሩቅ ሳይ እኔም አንገቴን ደፍቼ መሬት እጭራለሁ። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ።

ኅዳር ላይ አብረውት የሄዱት ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ በምርኩዝ ተመለሱ። እሱን እዚያው ቀብረውታል። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሽማግሌዎቹ አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ፣ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ጎህ ሲቀድ ደረስን። በሩን ከፍታ አንድ በአንድ አየችን። አልጮኸችም። ሽማግሌዎቹን አልፋ ወደ እኔ መጣችና እጄን ያዘች።

«መምህር» አለችኝ፣ «እንደዚያን ዕለት አልሞተም ይበሉኝ።»